ማርፈድ ለአቶምም አልተፈቀደም

ታላቅ ተቋም የሚለካው በሚያውቀው ነገር ብዛት ሳይሆን በበሩ ስፋት ነው። የእኛ ተቋም በር ሁለት የጭነት መኪና ጎን ለጎን ያሳልፋል። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ መኩራራት ቢያምረኝ ኖሮ ከአጥሩ እጀምር ነበር። እኔ የዐቢይ ኮሚቴዎች ጸሐፊና የሰዓት ቁጥጥር ኃላፊ ነኝ። በመጀመሪያው ኃላፊነቴ በግቢው ውስጥ የተባለውን ሁሉ ሰምቻለሁ፤ በሁለተኛው ደግሞ አርፍዶ የመጣውን ሁሉ መዝግቤአለሁ። ስለዚህ የአዲሱን ማሽን ታሪክ ከእኔ የተሻለ የሚነግራችሁ ሰው የለም። ቢኖርም አልተፈቀደለትም።

ማሽኑ ከመሬት በታች ከግቢው ጫፍ እስከ ጫፍ የተዘረጋ ቧንቧ ነው። ሥራው የአቶምን እምብርት፣ ምሁራኑ ኒውክሊየስ የሚሉትን፣ በሚያስደነግጥ ፍጥነት ወርውሮ ከሌላ እምብርት ጋር ማላተም ነው። ሲላተሙ ማንም አይቶት የማያውቅ አዲስ እምብርት ይወለዳል፤ ተወልዶም ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ይሞታል። ክቡር ዋና ዳይሬክተራችን ይህ ሲነገራቸው «የሚሞት ከሆነ ምን አስወለደው?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄው እጅግ ጥልቅ ስለነበር ለመመለስ የደፈረ አልነበረም።

ስለ ዋና ዳይሬክተሩ ጥቂት ልበል፤ ብዙ ማለት ክልክል ባይሆንም ብዙ የሚባል የለም። ከደረት ኪሳቸው የማትለይ የራሳቸው መቀስ አለቻቸው። የማሽኑ ጉድጓድ ሲቆፈር ሪባን ቆርጠዋል፤ ጉድጓዱ ሲሸፈንም ቆርጠዋል፤ በሽፋኑ ላይ ለተሠራው መጸዳጃ ቤትም ቆርጠው የመጀመሪያው ተጠቃሚ ሆነዋል። ሪባን ያልታሰረበት ነገር በእርግጥ አለ ብሎ ለማመን ይቸገራሉ። ይህ የእምነት ጥንካሬ እንጂ ድክመት አይደለም።

ነገር የመጣው በማሽን ክፍሏ ኢንጂነር በኩል ነው። ማሽኑ ሊያልቅ ሲቃረብ ወደ ዋና ዳይሬክተሩ ቢሮ ገብታ ያልታሰበ ጥያቄ ጠየቀች።

«ምን እንፈልግ?» አለች።

«ምን ጎደለሽ?» አሏት።

«የጎደለኝ የለም። ማሽኑ ምን ይፈልግ ማለቴ ነው። በአንዲት ሰከንድ የሚያላትመው ለቁጥር ያስቸግራል፤ ሁሉንም ማስቀመጥ አንችልም። እኛ ወንፊት የምንለው መሣሪያ አለ። ያዝ ያልነውን ይይዛል፣ ያላልነውን ይጥላል። የጣለው አይመለስም። ታዲያ ምን ያዝ እንበለው?»

«ጥሩ ጥሩውን» አሉ ዋና ዳይሬክተሩ።

«ጥሩው የትኛው እንደሆነ አስልቶ የሚነግረን ቲዎሪ ክፍል ነው» አለች ኢንጂነሯ።

ዋና ዳይሬክተሩ ቲዎሪ ክፍል የሚባል ነገር እንዳለን ያወቁት በዚያች ዕለት ነው። ወዲያው ሊጎበኙ ተነሡ፤ እኔ ተከተልኩ። ክፍሉ በኮሪደሩ መጨረሻ፣ ከመጥረጊያ ማስቀመጫው አጠገብ ነው። ውስጡ አንድ ጥቁር ሰሌዳና ሁለት ሰው አለ። አንደኛው ጋሼ ጠመኔ የምንላቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ኮታቸው ላይ የጠመኔ ዱቄት ያልነካው ቦታ አይገኝም። ሁለተኛዋ እሳቸው ያስተማሯት ልጅ ናት፤ ስም አውጥተንላት ስለማናውቅ ልጅቷ እንላታለን። ሁለቱም ሰሌዳው ላይ አፍጥጠው ተቀምጠዋል።

«ምን እየሠሩ ነው?» አሉኝ ዋና ዳይሬክተሩ በሹክሹክታ።

«እያሰቡ ነው።»

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም።»

«ስለ አንድ ነገር?»

«ይመስለኛል።»

«የሥራ መደራረብ አለ ማለት ነው» አሉና አዘኑ።

ሆኖም አዝነው ብቻ አልቀሩም። በማግስቱ «አዳዲስ የሙከራ ተቋማትን የሚደግፈው የኒውክሌር ቲዎሪ ማኅበረሰብ ፍላጎት አጥኚ ዐቢይ ኮሚቴ» ተቋቋመ። የመጀመሪያው ስብሰባ የኮሚቴው ስም ተነቦ ሲያልቅ ለሻይ ተበተነ። በሁለተኛው ስብሰባ የንብረት ክፍል ሹሙ «ሁለት ሰው ማኅበረሰብ ይባላል ወይ?» የሚል የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አነሡ። «ሲጣሉ ይባላል» ብሎ አንዱ መለሰ። ተጣልተው እንደሆነ ተጠየቁ፤ አልተጣሉም። ጉዳዩ በይደር ተያዘ።

በሦስተኛው ጋሼ ጠመኔ እንዲናገሩ ተፈቀደላቸው። ተነሡ፤ ሲነሡ ጥቂት ዱቄት ከኮታቸው ረገፈ።

«የምፈልገው አንድ ነገር ነው» አሉ። «የዚች ልጅ ውል በዓመቱ መጨረሻ ያልቃል። እኔ ደግሞ ጡረታዬ ደርሷል። እሷ ከሄደች ማሽኑ ምን እንደሚፈልግ የሚነግረው ሰው አይኖርም። ቋሚ የሥራ መደብ ይከፈትላት። በቃ።»

ኮሚቴው ተደናገጠ። ትልቅ ነገር ይጠይቃሉ ብለን ተዘጋጅተን ነበር፤ ሕንፃ፣ ጄኔሬተር፣ መኪና። ለትልቅ ነገር መልስ አለን። አንዲት ልጅ ግን ከየትኛው የበጀት ርዕስ እንደምትገባ ማን ያውቃል?

«ዕቃው የታለ?» አሉ የንብረት ክፍል ሹሙ። «ቲዎሪ ቲዎሪ ትላላችሁ፣ እስካሁን መጋዘን የገባ አንድ ኪሎ ቲዎሪ አላየሁም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!»

«ሪባኑስ የት ላይ ይታሰራል?» አሉ ዋና ዳይሬክተሩ።

«እሷ ላይ?» አለ አንዱ። «ወገቧ አካባቢ ቢታሰርና...»

«እኔ ላይ መቀስ አይምጣብኝ» አለች ልጅቷ።

ጋሼ ጠመኔ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላል የአገሬ ሰው።»

«ልክ ብለዋል» አሉ ዋና ዳይሬክተሩ። «ችግሩ ጥምጥሙ በዚህ ዓመት በጀት ተገዝቷል።»

ከዚያ በኋላ ያሳለፉት ውሳኔ በሳይንስ አስተዳደር ውስጥ አቻ የለውም ብዬ አምናለሁ። ልጅቷን «ቲዎሪሽ ሊሳሳት ይችላል?» ብለው ጠየቋት። «ይችላል፤ ለዚያ ነው በማሽኑ የምንፈትነው» አለች። «ከማሽኑ ውጤት በኋላ ቢነገርስ?» አሉ። «ያኔማ ምኑን ይሳሳታል? ግን ጌታዬ፣ ያኔ ትንቢት መሆኑ ቀርቶ ወሬ ነው» አለች። ዋና ዳይሬክተሩ የሰሙት የመጀመሪያውን ብቻ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብለው ከእንግዲህ የተቋሙ የቲዎሪ ትንቢት ሁሉ ከሙከራው ውጤት በኋላ እንዲቀርብ ወሰኑ። በዚህ አሠራር ተቋማችን በአንድ ትንቢት እንኳ ተሳስቶ አያውቅም።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አሉ ጋሼ ጠመኔ ቀስ ብለው። እኔም ሰማኋቸው፤ ግን በቃለ ጉባኤው ላይ «ሐሳቡን ደገፉ» ብዬ አሰፈርኩ። ለሰው ክፉ አልወድም።

ቀጥሎ የወንፊቱ ነገር ተነሣ። ልጅቷ በዚህ ጊዜ ድምፅዋ ተለወጠ፤ የሚነድ ቤት አይታ ሰው እንደምትጣራ ሆነች።

«እባካችሁ፣ መደቡ ቢቀርም ይቅር፣ ይህን ብቻ ስሙኝ» አለች። «ሁለት ዓመት ሙሉ ያሰላሁት አንድ እምብርት አለ። እንደ ሌሎቹ ቶሎ አይሞትም። ሌሎቹ ምልክታቸውን ሰጥተው ካለፉ በኋላ ነው የእሱ ምልክት የሚመጣው። ወንፊቱ በሩን ቶሎ ከዘጋ ያመልጠናል። ትንሽ ያቆይልኝ፤ ሌላ ምንም አልጠይቅም።»

«አንድ ጊዜ» አሉ ዋና ዳይሬክተሩ። ሰውነታቸው ቀጥ አለ። «ሌሎቹ በሰዓቱ ይመጣሉ?»

«ይመጣሉ።»

«ይኸኛው ያረፍዳል?»

«እ... እንደዚያ ማለትም ይቻላል።»

«ምክንያት አለው?»

«አለው። ቅርጹ ነው። ቅርጹ ከሌሎቹ ስለሚለይ ቶሎ መፍረስ ይቸግረዋል።»

ዋና ዳይሬክተሩ ወደ እኔ ዞሩ። «ያላረፈደ ሰው ምክንያት ሲያቀርብ ሰምተህ ታውቃለህ?»

«በፍጹም ክቡርነትዎ።»

«መኪና ጠፋ። ልጅ ታመመ። አሁን ደግሞ ቅርጼ ነው!» ጠረጴዛውን መቱ። «በዚህ ግቢ ለሰው ያልተፈቀደ ማርፈድ ለአቶምም አይፈቀድም! ወንፊቱ በሰዓቱ የመጣውን ይያዝ፤ በመጽሐፍ የታወቀውንና የተመሰከረለትን። አርፋጅ ከበር ይመለስ!»

ኢንጂነሯ አንድ ነገር ልትል አፏን ከፍታ ነበር። ጭብጨባው ስለቀደማት ዘጋችው።

ማንም ግን ቲዎሪ ክፍል ተበደለ እንዳይል። ኮሚቴው የጠየቁትን ባይሰጥም ያልጠየቁትን በገፍ ሰጥቷል። ጥቁሩ ሰሌዳ ተነቅሎ በምትኩ ግድግዳውን የሚያለብስ፣ ዙሪያው በሚያብረቀርቅ ብረት የተከፈፈ ነጭ ሰሌዳ ተተከለ። ሪባን ተቆረጠ። ዋና ዳይሬክተሩም በመሐሉ ላይ ከዳር እስከ ዳር በሚደርስ ፊደል «ቲዎሪ የነገ ተስፋችን ነው» ብለው ጽፈው ፈረሙበት። የክቡርነታቸውን ፊርማ ማን ያጠፋል? በኋላ ሌሎች ክቡራን እንግዶችም እየመጡ በቀረው ቦታ መልካም ምኞታቸውን ጻፉ። ጋሼ ጠመኔና ልጅቷ ከታች በኩል፣ ከወለሉ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ በተረፈው ጠርዝ ላይ ተንበርክከው ማስላት ጀመሩ። የሚያያቸው ሁሉ ትጋታቸውን ያደንቅ ነበር።

ዓመቱ አለቀ፤ የልጅቷም ውል። በመጨረሻው ቀኗ መታወቂያዋን ለመመለስ ወደ እኔ መጣች። ያን ቀንም አርፍዳ ነበር፤ መዘገብኳት። ሕግ ሕግ ነው።

«የት ልትሄጂ ነው?» አልኳት።

«ከወንዙ ማዶ ያለው ተቋም ተቀብሎኛል።»

አዘንኩላት፤ እውነቴን ነው። ያን ተቋም አውቀዋለሁ። ማሽናቸው አሮጌ ነው፣ ቀለሙ ተልጧል። ሪባን ታስሮበት አያውቅም፣ ሽቦ ግን በብዙ ቦታ ታስሮበታል። በራቸው አንድ መኪና እንኳ በደህና አያሳልፍም።

«ምን ብለው ነው የተቀበሉሽ?»

«ምን እንፈልግ ብለው ጠየቁኝ» አለችና ፈገግ አለች። ከዚያ ፈገግታዋ ጠፋ። «ጋሼን አደራ። ሲንበረከኩ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ መናገር አይወዱም።»

አደራዋን ተቀበልኩ። በሳምንቱ ለቲዎሪ ክፍል አንድ ትራስ እንዲገዛ ማመልከቻ አቀረብኩ፤ ትራስ የተኙ ያስመስላል ተብሎ ውድቅ ሆነ።

የማሽናችን ምረቃ እስካሁን ይወራል። ሪባኑ ከቧንቧው ጋር እኩል ርዝመት ስለነበረው ዋና ዳይሬክተሩ ለመቁረጥ በመኪና ዞሩ። ማሽኑ ተነሣ፣ እምብርት ከእምብርት ተላተመ፣ ወንፊቱ በሰዓቱ የመጡትን ተቀብሎ በሩን ጥርቅም አደረገ። ከወራት በኋላ ውጤቱ ሲታይ በመጽሐፍ ከተጻፈው አንዲት ነጥብ አልተዛነፈም። ተማሪዎች ከስንት ዓመት ጀምሮ ለፈተና የሚያጠኑትን ሁሉ በከፍተኛ ወጪ አረጋገጥን። ዋና ዳይሬክተሩ ባደረጉት ንግግር «ተፈጥሮ ከእኛ ጋር ለመተባበር ያሳየችውን ዝግጁነት ከልብ እናመሰግናለን» አሉ። ቲዎሪ ክፍልም በመመሪያው መሠረት ውጤቱ እንዲህ እንደሚሆን ከውጤቱ በኋላ ተነበየ። ጋሼ ጠመኔ ትንቢቱን እንደጻፉ ብዕሩን ቅርጫት ውስጥ ጣሉት፤ ከደስታ ይመስለኛል።

ደስታችን ሳይበርድ ከወንዙ ማዶ ወሬ መጣ። ያ በሽቦ የታሰረ ማሽን አዲስ እምብርት አግኝቷል። ይዘገያል ተብሎ አስቀድሞ የተሰላ፣ ቅርጹም የተነገረ፣ በሩን አቆይተው የጠበቁት እምብርት። ዓለም ሁሉ ስለ እሱ ያወራ ጀመር።

አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። የንብረት ክፍል ሹሙ «ከእኛ መጋዘን ወጥቶ እንዳይሆን!» አሉ። ኢንጂነሯ አንገቷን ደፍታ ተናገረች።

«ወንፊቱ የጣለውን አያስቀምጥም፤ ስንት እንደጣለና መቼ እንደመጡ ግን ይመዘግባል። አየሁት። አርፋጆቹ እኛም ጋ መጥተው ነበር። ከእነሱ ጋ ከመታየታቸው ብዙ ቀድሞ፣ በብዛት። እኛ ነን በር ዘግተን የመለስናቸው።»

ጋሼ ጠመኔ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ የዋና ዳይሬክተሩን ፊት አየሁ፤ መጀመሪያ ገረጣ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ እንደ ንጋት በራ።

«ቀድሞ ነው ያልሽው?»

«ብዙ ቀድሞ።»

«እንግዲያው በዓለም ላይ ይህን እምብርት ለመጀመሪያ ጊዜ የጣለው ማነው?»

«እኛ... ነን» አለች ኢንጂነሯ።

«እኛ ነን!» ብለው ተነሡ። «እነሱ ገና ሳያገኙት እኛ ጥለነዋል! ሰው የሌለውን ይጥላል እንዴ?»

በዚህ አመክንዮ ፊት የቆመ አልነበረም። መግለጫ ወጣ። በግቢው መሐል «ዘግይቶ የሚሞተው እምብርት በዓለም ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ ሥፍራ ተጣለ» የሚል የእብነ በረድ ሐውልት ቆመ። ሪባኑ ሊቆረጥ ሲል ግን አንዲት ጋዜጠኛ ሥነ ሥርዓት በማያውቅ አኳኋን እጇን አወጣች።

«ለምንድን ነው የሚዘገየው? ቢያብራሩልን?»

ዋና ዳይሬክተሩ መቀሷን ዝቅ አደረጉ። «ይህን የቲዎሪ ክፍላችን ያብራራል።»

ሁሉም ወደ ቲዎሪ ክፍል ዞረ። ቲዎሪ ክፍል ማለት ያኔ ጋሼ ጠመኔ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ከሳምንት በኋላ ጡረታ ይወጣሉ።

«እኔ መነሻውን ብቻ ነው ያስተማርኳት፤ ስሌቱ የልጅቷ ነው» አሉ። «ሊያስረዳችሁ የሚችል ሰው ነበረን። ለምኜ ነበር።»

ከዚያ በኋላ የታየው ቅልጥፍና ለሰነፎች ሁሉ ትምህርት ይሁን። ስንት ስብሰባ ያልፈታው የሥራ መደብ ሻይ ሳይቀርብ ተፈቀደ። ውጤቱ ስለተገኘ ቲዎሪ የሚያስፈልግበት ጊዜ ደርሷል፤ መመሪያውም የሚለው ይህንኑ ነው። ጋሼ ጠመኔ ወደ ዋና ዳይሬክተሩ ቢሮ ተጠርተው እንዲደውሉላት ታዘዙ። ስልካቸው አሮጌ ስለሆነ የእሷ ድምፅ ለእኛ አልተሰማንም።

«ልጄ፣ እንዴት ነሽ?... እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴም ደህና ነው።... ስሚ፣ ቦታው ተፈቅዷል።... አዎ፣ ያው የለመንነው።... ቋሚ ነው፣ ቢሮም አለው።... አይ፣ ሰሌዳው እንደዚያው ነው።»

የምትለውን አዳመጡ። ከዚያ ሳቁ፣ ሲስቁ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እኚህን ሰው ስንት ዓመት ሳውቃቸው እንዲህ ሲሆኑ አይቼ አላውቅም። ዋና ዳይሬክተሩ በዚህ መሐል የሐውልቱን ንግግር እያገላበጡ ነበር።

«ምን አለች?» አሉ ቀና ሳይሉ።

«አመስግናለች። ለሚቀጥለው ሙከራ ምን እንደሚፈለግ እያሰላች ነው፤ እዚያ ሥራው የሚጀምረው ከዚህ ነው። እኔንም ጡረታ ሲወጡ ይምጡና አብረን እናስላ ብላኛለች። እሄዳለሁ።»

«መልካም፣ መልካም። ስለ ቦታውስ?»

ጋሼ ጠመኔ ስልኩን ኪሳቸው ከተቱ። «ስለ ቦታው፣ "አርፍደዋል ይበሉልኝ" ነው ያለችው።»

ዋና ዳይሬክተሩ ይህን ቃል ሲሰሙ ሌላውን ሁሉ የሚረሱ ሰው ናቸው። ወረቀቱን ወርውረው ብድግ አሉ።

«ማነው ያረፈደው? በዚህ ሰዓት? አሁኑኑ ይመዝገብ!»

ኢንጂነሯ ጣሪያውን ማየት ጀመረች። ጋሼ ጠመኔ ኮታቸውን አራግፈው ወጡ። እኔ ደግሞ በአገልግሎት ዘመኔ የታዘዝኩትን ሳልፈጽም ቀርቼ አላውቅም፤ የአርፋጆችን መዝገብ ገለጥኩና የክቡር ዋና ዳይሬክተሩን ሙሉ ስም ከነማዕረጋቸው በጥሩ እጅ ጽሑፍ አሰፈርኩ።